ነጎድጓድ ሲሰማ ፈረሱን ማን ይይዛል? የፈረስ ትርኢትና አደገኛ የአየር ጠባይ

የፈረስ ትርኢት ላይ ሰማዩ ጠቆር ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ትንሽ ብንጠብቅስ?» ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። ተወዳዳሪው ፈረሱን ጭኖ ከሩቅ መጥቷል፣ የመመዝገቢያ ከፍሏል። አዘጋጁ ዳኛ አስመጥቷል፣ ድንኳን ተከራይቷል። የቀሩት ደግሞ ጥቂት ፈረሰኞች ናቸው። ስለዚህ ሁሉም «ይቁም» የምትለዋን ቃል ከሌላው አፍ ይጠብቃል።

በሌላ ስፖርት ዶፍ ከመጣ ተጫዋቹ ሮጦ ይጠለላል፤ አለቀ። እዚህ ግን አጠገቡ 500 ኪሎ የሚመዝን ድንጉጥ እንስሳ አለ። መውረድ አለ፣ ኮርቻ መፍታት አለ፣ ጋጣ ማስገባት አለ፣ አንዳንዴም መኪና ላይ መጫን አለ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ የፈረስ ትርኢት ከሌላው ስፖርት ቀደም ብሎ መቆም አለበት። እንዴትና ለምን እንደሆነ እንየው።

መብረቅና አራት እግር

ብልጭታውና ነጎድጓዱ የሚፈጠሩት እኩል ነው። ብርሃኑ ወዲያው ይደርሳል። ድምፁ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠሩ። ነጎድጓዱ በ3 ሰከንድ ከተሰማ መብረቁ 1 ኪሎ ሜትር ርቋል ማለት ነው። በ30 ሰከንድ ከሆነ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

10 ኪሎ ሜትር ሩቅ ይመስላል፤ አይደለም። መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞ፣ ከደመናው ጎን ወጥቶ፣ ገና ፀሐይ ያረፈበት ሜዳ ላይ ሊወርድ ይችላል። «30 ለ30» የሚባለው መመሪያ የመጣው ከዚህ ነው። በብልጭታውና በድምፁ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 ሰከንድ ካነሰ ሰው ሁሉ ይገባል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይወጣም። በ28ኛው ደቂቃ ላይ እንደገና ካጉረመረመ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሰውን የሚያናድደው ይሄኛው ነው። ተመልካቹ ያጉተመትማል፣ ፈረሰኛው ሰዓቱን ያያል፣ ሰማዩም የጠራ ይመስላል። ቢሆንም ቆጠራው ቆጠራ ነው።

አሁን አሁን ብዙ ባለሙያዎች መቁጠሩንም ትተውታል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ግቡ፣ በቃ። ለፈረስ ትርኢት ግን እሱም ይዘገያል ባይ ነኝ። ፈረሶቹን ለማስገባት 20 ደቂቃ የሚፈጅባችሁ ከሆነ፣ ነጎድጓዱን በሰማችሁበት ሰዓት 20 ደቂቃ ዘግይታችኋል። ሥራው ራዳርና የመብረቅ መከታተያ አፕ ማየት ብቻ የሆነ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ፈረሰኛ መሆን የለበትም፤ ሐሳቡ ሜዳው ላይ ይሆናላ።

ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ጭንቅላቱ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ዙሪያው ገላጣ ሜዳ ነው። መብረቅ ደግሞ ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ነገር ያገኘዋል። ብዙ ሰው የሚፈራው እርካቡንና የልጓሙን ብረት ነው፤ «ብረት መብረቅ ይስባል» ሲባል ሰምቶ። እንዲህ ያለ ትንሽ ብረት መብረቅን ከመንገዱ አያስቀይርም። ወሳኙ ከፍታው ነው። ፈረሰኛው ከሁሉ በፊት መውረድ ያለበት ለዚህ ነው።

ፈረሱን ለመግደል ደግሞ መብረቁ ፈረሱን ራሱን መምታት የለበትም። ዛፍ ወይም መሬት ሲመታ ኤሌክትሪኩ እዚያው አይቀርም። በአፈሩ በኩል ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። ከተመታው ቦታ በተራቀ ቁጥር ቮልቴጁ እየቀነሰ ይሄዳል። አሁን ፈረሱን አስቡት። የፊትና የኋላ እግሮቹ ከ1 ሜትር በላይ ተራርቀዋል። ከፊት እግሮቹ ሥር ያለው ቮልቴጅና ከኋላ እግሮቹ ሥር ያለው እኩል አይሆንም። ልዩነቱ ኤሌክትሪኩን በፊት እግሩ አስገብቶ በኋላ እግሩ ያስወጣዋል። መሃል ላይ ልብ አለ። ሰው ግን ሁለት እግሩ ተቀራርቦ ነው የሚቆመው። ኤሌክትሪኩ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ቢወጣም የሚያልፈው ከልብ በታች ነው። ስለዚህ ዕድሉ የተሻለ ነው።

ይሄ የወረቀት ላይ ፊዚክስ ብቻ አይደለም። በ2016 ነሐሴ ወር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኖርዌይ ውስጥ ሃርዳንገርቪዳ በሚባል አምባ ላይ 323 የሰሜን አጋዘኖች በአንድ የመብረቅ ዝናብ ሞተው ተገኙ። እንስሳቱ ተጠጋግተው ቆመው ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ መብረቅ አልመታቸውም። መሬቱ ነው የገደላቸው። ፈረሶችን ዛፍ ሥር ወይም የብረት አጥር አጠገብ ሰብስቦ ማሰር ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባል። አጥሩ ከሩቅ ቢመታ እንኳ ሽቦው ኤሌክትሪኩን ይዞት ይመጣል።

ታዲያ የት ይገባል? ለሰው መልሱ ቀላል ነው። ግድግዳው ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመርና የውኃ ቧንቧ ያለው እውነተኛ ሕንፃ፣ አለዚያ ጣሪያው ብረት የሆነና መስኮቱ የተዘጋ መኪና። መኪናው የሚያድነው በጎማው አይደለም። የብረት አካሉ ኤሌክትሪኩን በውጭ በውጭ ይዞት ወደ መሬት ስለሚያወርደው ነው። ድንኳን፣ የተመልካች ዳስ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ፣ ዳኞቹ የሚቀመጡባት ትንሽ ጎጆ፣ እነዚህ ከዝናብ ያስጥላሉ እንጂ ከመብረቅ አያስጥሉም። ሽቦ ያለው ማይክሮፎን ይዞ «ረጋ በሉ» የሚለው አስተዋዋቂም መጀመሪያ ራሱ ይግባ።

ለፈረሱ ግን መልሱ እንዲህ ቀላል አይደለም። እውነቱን እንነጋገርና፣ አብዛኛው ትርኢት ላይ ለፈረስ ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ቦታ የለም። የመብረቅ መከላከያ የተገጠመለት ቋሚ ጋጣ ካለ እሰየው። በብረት ቋሚ የተተከለ ጊዜያዊ ጋጣ ግን መብረቅ አያስቀርም። ቢያንስ ፈረሱን ይዞ ያቆየዋል፣ ሰውየውንም ነፃ ያወጣዋል። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ፈረሱ ጋጣው ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሰው ይሄዳል። አብሮ ቆሞ «አይዞህ» እያሉ አንገቱን ማሻሸት የደግነት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን መብረቁ ቢወርድ የሚጨምረው አንድ ሟች ነው። በርዕሱ ላይ ላለው ጥያቄ የኔ መልስ «ማንም» ነው።

ለአንድ ቀን ብቻ የመጡና ጋጣ የሌላቸው ፈረሶች አሉ። ማረፊያቸው ተሳቢያቸው ነው። ከሁሉ በፊት ሊነገራቸው የሚገባው እነዚህኞቹ ናቸው። ድንጉጥ ፈረስ በነጎድጓድ መሃል ተሳቢ ላይ ለመጫን የሚደረግ ትግል ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ኮቴው የብረቱን መወጣጫ ሲነካ የሚወጣውን ድምፅ እንኳ በደህና ቀን የማይወድ ፈረስ አለ። ሰማዩ ገና ሲዳምን ከተጫነ ግን ችግር የለም።

አንድ ሰው በመብረቅ ከተመታ ሰውነቱ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። መንካት ይቻላል። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መጫን ወዲያው ይጀመር፣ እርዳታም ይጠራ። ከሚመቱት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት ይተርፋሉ። «ነዝሮ ይይዘኛል» ብሎ ቆሞ ማየት ግን ሊተርፍ የሚችለውን ሰው ያስገድላል።

ንፋሱ ከዝናቡ ይቀድማል

የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ቀዝቅዞ ከዝናቡ ጋር እንደገና ይወርዳል። ያ ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲመታ ወደ ጎን ይፈሳል። ስለዚህ ሙቅ በሆነ ከሰዓት በኋላ ድንገት ቀዝቃዛ ንፋስ ፊታችሁን ከገረፈ፣ ደመናው በሩ ላይ ደርሷል። ዝናቡ ገና አልጀመረ ይሆናል። ድንኳን የሚነቀለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ሰዓት ነው።

የንፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ጸጥ ብሎ የቆመ ድንኳን፣ በ60 አራት እጥፍ ይገፋል። ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች በስንት ኪሎ ሜትር ንፋስ ሰው መውጣት እንዳለበት ያውቃሉ። ጠይቋቸው፣ ቁጥሩንም ጻፉት። የንፋስ መለኪያዋ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ በእጅ ትያዛለች።

ፈረሱ በንፋስ ቀን ሌላ ፈረስ ነው። ከአዳኝ ሲሸሽ የኖረ እንስሳ ነውና ኑሮው በጆሮውና በአፍንጫው ነው። ንፋስ ሁለቱንም ያምታታበታል። ድምፅ ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ባንዲራው ይርገበገባል፣ የፕላስቲክ ከረጢት በእግሩ መሃል ያልፋል። ዘወትር ጨዋ የነበረው ፈረስ ሰው ቢጥል አይፈረድበትም። የመሰናክል እንጨቶችና ጌጦች ደግሞ በንፋስ ይወድቃሉ፣ አንዳንዴም ፈረሱ ሊዘል በተነሳበት ቅጽበት። የልጆችና የጀማሪዎች ውድድር በንፋስ ቀን ቀድሞ መቆም አለበት ባይ ነኝ፤ ለትልልቆቹ ገና ደህና ቢሆንም እንኳ። ረጅሙ ተሳቢም ጎኑ ሰፊ ነው። ንፋስ ሲያይል መንገድ ላይ ከመውጣት ቆሞ መጠበቅ ይሻላል።

ሙቀት፣ ጸጥ ብሎ የሚመጣው

መብረቅ ሁሉም ያየዋል። ሙቀት ግን ድምፅ የለውም። ለፈረስ ደግሞ ከሰው ይልቅ ይከፋል። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሩቡን ያህል ብቻ ነው ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፈረስ ብዙ ጡንቻ አለው። ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ግን ሙቀት የሚያወጣበት ቆዳው ከሰው ያነሰ ነው። ዋናው መፍትሔው ላብ ነው። በሙቀት ጠንክሮ የሚሠራ ፈረስ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ሊያልበው ይችላል።

ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ላቡ አይተንም፤ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ፈረሱ ውኃውንም ጨውንም ያጣል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ብቻውን አይበቃም። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ከ1921 ጀምሮ ያለው፣ በትልልቅ ውድድሮች የሚጠቀመው ሦስት ነገር አጣምሮ የሚለካ መሣሪያ ነው። 70 በመቶው እርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለለበት ቴርሞሜትር ይወሰዳል፤ ይህ እርጥበቱንና ንፋሱን ያሳያል። 20 በመቶው ከጥቁር ኳስ ውስጥ ነው፤ የፀሐዩን ጨረር ያሳያል። የተለመደው የጥላ ሙቀት ድርሻው 10 በመቶ ብቻ ነው። ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር ድርሻው ይህን ያህል ትንሽ ናት። በዚህ መለኪያ 33 ሲደረስ ለከባድ ውድድር የሚያመች ሁኔታ የለም ይባላል።

በ2018 መስከረም፣ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ትራዮን ላይ በተደረገው የዓለም የፈረስ ስፖርት ሻምፒዮና 160 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የጽናት ውድድር መሃል ላይ ተሰረዘ። ምክንያቱ ሙቀትና እርጥበት ተደምረው ነው። ዝናብ ዘንቦ ነበር። ዝናብ ያቀዘቅዛል ብለን እናስባለን። ያ እርጥበት ግን ፀሐይ ሲያገኘው የፈረሶቹን ላብ ከንቱ አደረገው። በዚያው ሻምፒዮና፣ ከቀናት በኋላ፣ ፍሎረንስ የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲቃረብ በሙዚቃ የሚታጀበው የድረሳዥ (ፈረሱ በጋላቢው ምልክት የሠለጠነ እርምጃ የሚያሳይበት ውድድር) ፍጻሜ ሳይካሄድ ቀረ። በ2021 የተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከሙቀቱ የተነሳ የአገር አቋራጩን ግልቢያ በጠዋት፣ የመሰናክል ዝላዩን በማታ አድርጎታል። ሰዓት ማዛወር ከመሰረዝ በፊት የሚሞከር ነገር ነው፤ አስተናጋጁ ጨክኖ ፕሮግራሙን ካፈረሰው ማለት ነው።

የፈረስ ላብ ሌላም ተንኮል አለው። የሰው ላብ ከደማችን ይልቅ ጨው የቀለለው ነው። ስለዚህ ስናልብ ደማችን ጨው ይበዛበታል፣ አንጎልም «ጠጣ» ይላል። የፈረስ ላብ ግን እንደ ደሙ ወይም ከዚያ በላይ ጨዋማ ነው። ውኃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ ጥማቱ አይቀሰቀስም። ብዙ ሊትር ያጣ ፈረስ ባልዲ ቢቀርብለት አሽትቶ ሊተወው ይችላል። «አልጠማውም» ብሎ መተው ስህተት ነው። የላቡን ጨው የሚተካ ማዕድን የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

የጋለ ፈረስ እንዴት ይቀዘቅዛል? በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ፣ መላ አካሉ ላይ፣ ሳያቋርጡ። የድሮ ሰዎች «የጋለ ጡንቻ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከፈሰሰ ይኮማተራል» ይሉ ነበር። ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ በፊት ጉዳዩ በደንብ ተጠንቶ ፍርሃቱ መሠረት እንደሌለው ታይቷል። በሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይቆማል። ከአንገቱ እስከ ታፋው ይፈሳል። ከሆዱ ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ መጀመሪያ ለእጅ ለብ ይላል፤ ሙቀቱን ይዞ እየወጣ ነው። እየቀዘቀዘ እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። ውኃውን በመጥረጊያ እየጠረጉ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ሌላ ባልዲ መድፋቱ ይሻላል። እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መተው ደግሞ ሙቀቱን ያፍናል። ጥላና ማራገቢያ ካለ ይጨመር። መጠጣት ከፈለገም አይከልከል።

ጤናማ ፈረስ በዕረፍት ላይ 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ከግልቢያ በኋላ 40 ካለፈ ማቀዝቀዙ አይዘገይ። 41 ከሆነ ሐኪሙ ይሩጥ። ፈረሱ ከቆመ በኋላም ሙቀቱ ለጥቂት ደቂቃ ሊጨምር እንደሚችል አትርሱ፤ አንዴ ለክቶ መሄድ አይሠራም። ከሁሉ የሚያስፈራው ማላብ ያቆመ ፈረስ ነው። ቆዳው ደርቆ፣ አፍንጫው ተከፍቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ፣ ሲንገዳገድ ካያችሁ «ደክሞት ነው» አትበሉ።

ጭቃና የረጋ ውኃ

ጭቃ ከላይኞቹ ይልቅ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ሰው ግን ደጋግሞ ይንቀዋል። አደገኛው ሁልጊዜ ጥልቅ ጭቃ አይደለም። ደረቅ ጠንካራ ሣር ላይ ስስ ዝናብ ሲወርድ የባሰ ያንሸራትታል። እንግሊዝ አገር የሚካሄደው ባድሚንተን የተባለው ስመ ጥር የፈረስ ውድድር በ1987ና በ2012 መሬቱ ውኃ ስለጠገበ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀርቷል። በትንሽ ትርኢት ላይ ደግሞ የሚረሳው የመኪና ማቆሚያው ነው። ከባዱ ተሳቢ ጭቃ ውስጥ ከሰጠመ፣ አደጋ ቢመጣ ማንም አይወጣም፣ አምቡላንሱም አይገባም። ውኃ የረጋበት ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይጥፋ። ፈረሶች እርጥብ መሬት ላይ በብረት ጫማ ነው የሚቆሙት።

ማን ያቁመው?

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? የማቆሚያው ቁጥር ከትርኢቱ ቀን በፊት ይጻፍ። መብረቅ ስንት ኪሎ ሜትር ሲቀርብ፣ ንፋስ ስንት ሲደርስ፣ ሙቀቱ ስንት ሲሆን እንደሚቆም። የሚያቆመው ሰው ስሙ ይታወቅ፣ ተወካይም ይኑረው። ሐኪሙ ፈረሶቹን አይቶ «ይብቃ» ካለ ክርክር አይነሳ። ቁጥሩ ቀድሞ ከተጻፈ ማቆም የአንድ ሰው ፍርሃት አይመስልም። አስተዋዋቂውም የሚለው ቀድሞ ይዘጋጅ። «ፈረሰኞች ይውረዱ፣ ፈረሶች ወደ ጋጣ፣ ሰው ሁሉ ወደ መኪና» ከተባለ ይበቃል። ማሟሟቂያ ሜዳ ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያው ስለማይሰማቸው የሚነግራቸው ሰው ይመደብ።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ልባብና ገመድ በየጋጣው በር ላይ ይንጠልጠል። ልባቡ ላይ የባለቤቱ ስልክ ይጻፍበት፤ ያመለጠ ፈረስ ስሙን አይናገርም። መኪኖች አፍንጫቸውን ወደ መውጫው አዙረው ይቁሙ። ፈረስ ካመለጠ በሩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ሁሉም ሰው ተግተልትሎ ከኋላው ከሮጠ የበለጠ ይሮጣል።

ማዕበሉ ሲያልፍ ውድድሩ ካቆመበት ወዲያው አይቀጥልም። መሬቱ በእግር ይታያል፣ የወደቁት መሰናክሎች ይለካሉ፣ የተበጠሰ ሽቦና የወደቀ ቅርንጫፍ ይነሳል። ጋጣ ውስጥ አንድ ሰዓት የቆመ ፈረስ ጡንቻው ቀዝቅዟል። ለማሟሟቂያ በቂ ጊዜ ይሰጠው፣ ቀጣዩ ተራ የሱ ቢሆንም።

ከዚያ ደግሞ ገንዘብ አለ። ትርኢቱ ቢሰረዝ ከመመዝገቢያው ምን ያህሉ እንደሚመለስ ቅጹ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ለጋጣና ለሐኪም የወጣውን አዘጋጁ ቢያስቀር ያስኬዳል፤ ሰው ሲመዘገብ አንብቦት ከሆነ። ፈረሰኛው በራሱ ፈቃድ ሲወጣስ? ብዙ ትርኢት ላይ ምንም አይመለስለትም። ቢያንስ አደገኛ የአየር ጠባይ በታወጀበት ቀን የወጣው ሰው ከፊሉ ቢመለስለት፣ ፈረሱን ሳይወድ በግድ ይዞ የሚገባው ይቀንሳል።